ታሪክን በጌም ማስተማር፦ ጋሞ ላይ ጌም ቢሠራ ተጫዋቹ ምን ያደርጋል?

ባህልን በጌም ስለማስተማር ወሬ በተነሳ ቁጥር፣ አርባ ምንጭም ይሁን አዲስ አበባ፣ የሚቀርበው ሐሳብ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። ድንጉዛ የለበሰ ልጅ ይሮጣል። ከበስተኋላው የዶርዜ ቤት ይታያል። ጫሞ ሐይቅ ዳር አዞ ዘሎ ያልፋል፣ ሳንቲም ይለቅማል፣ ደረጃውን ሲጨርስ ደግሞ አንድ ገጽ ጽሑፍ ይከፈትለታል፦ የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ እንደሚሠራ፣ ቅርጹም ዝሆን እንደሚመስል የሚነግር። ልጁ ጽሑፉን በአውራ ጣቱ ገፍቶ ወደ ቀጣዩ ደረጃ ያልፋል። ቀለሙ ያምራል፣ ዓላማውም ቅን ነው። ግን ልጁ ምን ተማረ? መዝለል ተማረ።

በዚህ ጽሑፍ የምሞግተው አንድ ነገር ነው። ጌም ታሪክና ባህልን የሚያስተምረው ተጫዋቹን በሚያሠራው ነገር ነው፤ ልብሱ፣ ቤቱና የመረጃ ገጹ ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው። ተጫዋቹ የሚያደርገው ነገር መሮጥና መግደል ብቻ ከሆነ፣ ጀግናው ድንጉዛም ይልበስ ጂንስ ትምህርቱ ያው ነው። ይህን ለማሳየት መጀመሪያ በዓለም ላይ የተሠሩ ጥቂት ጌሞችን፣ ቀጥሎ ኢትዮጵያ በጌም ውስጥ እንዴት እንደቀረበች እንመለከታለን፤ ከዚያ ወደ ጋሞ ደጋ እንወጣለን።

ትምህርቱ የት ነው የተቀመጠው?

በሒሳብ ትምህርት ላይ የተሠራ አንድ ጥናት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ2011 ጃኮብ ሃብጉድ እና ሻሮን ኤንስዎርዝ የተባሉ ተመራማሪዎች «ዞምቢ ዲቪዥን» በተባለ ጌም ላይ የሠሩትን ሙከራ አሳተሙ። በጌሙ ውስጥ ደረታቸው ላይ ቁጥር የተጻፈባቸው አጽሞች ይመጣሉ፤ ልጁ ቁጥሩን ያለ ቀሪ የሚያካፍለውን መሣሪያ መርጦ ያሸንፋቸዋል። ተመራማሪዎቹ ሌላም ቅጂ አዘጋጁ፤ ውጊያው ቁጥር የለበትም፣ የማካፈል ጥያቄዎቹ ደግሞ በየደረጃው መጨረሻ ላይ እንደ ፈተና ይመጣሉ። ጥያቄው ያው፣ ጨዋታውም ያው ነው፤ የተለየው ሒሳቡ የተቀመጠበት ቦታ ብቻ ነው። ውጤቱ ግን ተለያየ። ሒሳቡ ውጊያው ውስጥ የገባላቸው ልጆች የበለጠ ተማሩ። የፈለጉትን ቅጂ እንዲመርጡ ሲፈቀድላቸውም በዚያው ቅጂ ላይ ከሌላው ሰባት እጥፍ ያህል ጊዜ አሳለፉ።

የዶርዜ ቤት መረጃ በደረጃ መጨረሻ ላይ ሲመጣ የሆነው ሁለተኛው ቅጂ ነው። በልጁ ዓይን ጽሑፉ ለጨዋታው የሚከፈል ቀረጥ ይሆናል።

ለታሪክ ደግሞ የጀብዱ ጌም ከሌሎቹ ዓይነቶች የተሻለ ዕድል አለው። ብዙዎቻችን ጌም ስንል የሚታየን ኳስ፣ ሩጫ ወይም ተኩስ ነው። የጀብዱ ጌም ሌላ ነገር ነው፤ ተጫዋቹ አንድ ዓለም ውስጥ ይገባል፣ ቦታ ይመረምራል፣ ሰው ያነጋግራል፣ ዕቃ ያገኛል፣ እንቆቅልሽ ይፈታል። የዘርፉ መነሻ የሚባለው «ኮሎሳል ኬቭ አድቬንቸር» ከሥዕል ነጻ የሆነ፣ በጽሑፍ ብቻ የሚጫወቱት ጌም ነበር። የሠራው ዊል ክራውዘር ፕሮግራመርም ዋሻ አሳሽም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ሲጽፈው ራሱ ያሰሰውን በኬንታኪ ግዛት የሚገኘውን የማሞዝ ዋሻ ካርታ መነሻ አደረገ። እንግዲህ ዘርፉ ገና ሲጀመር አንድ እውነተኛ ቦታን የሚያውቅ ሰው እውቀቱን ሌላው በእግሩ እየሄደ እንዲያገኘው አድርጎ አስቀምጦታል ማለት ነው። የጋሞ ጌም ለመሥራት የሚያስብ ሰው የሚነሳበት ጥሩ ምሳሌ ይመስለኛል።

ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1971 ሚኒያፖሊስ ውስጥ ለመምህርነት ልምምድ ላይ የነበረው ዶን ራዊች፣ ከጓደኞቹ ከቢል ሃይነማን እና ከፖል ዲለንበርገር ጋር ለታሪክ ክፍለ ጊዜው «ኦሪገን ትሬይል»ን ሠራ። ተጫዋቹ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጋሪ ወደ ምዕራብ አሜሪካ የሚሰደድ ቤተሰብ ይመራል። ምግብ፣ ጥይትና ልብስ በተወሰነ ገንዘብ ይገዛል፤ ካነሰው ይራባል፣ ይታመማል፣ ይሞታል። የጉዞውን ፈተና ያስተማረው አንቀጽ አይደለም፣ የራሱ በጀት ነው። ጌሙ ለብዙ ትውልድ የአሜሪካ ተማሪዎች የልጅነት ትዝታ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ግን ሕጉ የያዘውን ያህል ያልያዘውም ያስተምራል። በ«ኦሪገን ትሬይል» ጋሪው የሚያቋርጠው መሬት ባለቤት ነበረው፤ ጨዋታው ይህን አይቆጥርም። የራስህ ምግብ አለቀ አላለቀ ይቆጠራል፣ የሌላው ሰው መሬት ሄደ አልሄደ አይቆጠርም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው «ዌን ሪቨርስ ወር ትሬይልስ» መልስ የሚመስል ጌም ነው። እዚህ ተጫዋቹ በ1890ዎቹ ከሚኒሶታ መሬቱ የተፈናቀለ የአኒሺናቤ ሰው ሆኖ ወደ ካሊፎርኒያ ይጓዛል። ብዙ የነባር ሕዝብ ጸሐፍት ተሳትፈውበታል። የሁለቱ ጌሞች አገርና ዘመን ይቀራረባል፤ አንዱ ጉዞን እንደ ሰፋሪ፣ ሌላው እንደ ተፈናቃይ ያስቆጥራል። ልዩነቱ በሥዕሉ አልመጣም፣ በሚቆጠረው ነገር መጣ።

ኢትዮጵያ በጌም ውስጥ

የኢትዮጵያ ስም በትልልቅ ጌሞች ውስጥ መታየት ከጀመረ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2» ኢትዮጵያውያንን ጨመረ፤ ከዘመቻዎቹ አንዱ የዮዲት ነው፣ ልዩ ወታደሩም ሾተል ይዟል። እ.ኤ.አ. በ2020 «ሲቪላይዜሽን 6» ዳግማዊ ምኒልክን መሪ አድርጎ አቀረበ። ብዙ ወጣት በእነዚህ ጌሞች ደስ ብሎታል፤ የአክሱምና የላሊበላን ስም በዓለም ተጫዋች ፊት ማየት ደስታው ቀላል አይደለም።

እስቲ ግን የ«ሲቪላይዜሽን 6»ን ሕግ ጠጋ ብለን እንየው። የምኒልክ ኢትዮጵያ ኮረብታ ላይ ከተማ ስትቆረቁር ከእምነት ነጥቧ 15 በመቶው ያህል ወደ ሳይንስና ወደ ባህል ይጨመርላታል፤ ወታደሮቿም ኮረብታ ላይ ሲዋጉ ይበረታሉ። ከዓለት የተፈለፈለው ቤተ ክርስቲያን በአጠገቡ ተራራና ኮረብታ ሲኖር ተጨማሪ እምነት ያስገኛል። እንደ ንድፍ ብልህ ሥራ ነው፤ የደጋውን ታሪክ በቁጥር አስሮታል፤ ሕጉ ራሱ ስለ አገሩ ይናገራል።

ችግሩ ካርታውን ከጋሞ ሆነን ስናየው ይመጣል። በዚህ ጌም ውስጥ ኮረብታ ከተማ የሚቆረቆርበት ባዶ ሰሌዳ ነው። በእውነተኛው ታሪክ የምኒልክ ጦር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ ጋሞ ደጋ ሲደርስ በዚያ ወደ አርባ የሚጠጉ «ዴሬ» የሚባሉ ማኅበረሰቦች ነበሩ፤ ዶርዜ፣ ዶኮ፣ ኦቾሎ፣ ቦንኬ እያሉ የሚቆጠሩ፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸው መሪዎች፣ የራሳቸው የጉባኤ ሜዳና የራሳቸው ወግ ያላቸው። ለ«ሲቪላይዜሽን» ሕግ እንዲህ ያለ ኅብረተሰብ የሚገባበት ቀዳዳ የለም። ወይ ኢምፓየር ነህ፣ ወይ በመንገድ ላይ ያለህ ነህ። ይህን ስል ጌም ሠሪዎቹን ለመክሰስ አይደለም፤ ጌሙ የመንግሥታት ውድድር ነው፣ ያንንም በደንብ ይሠራል። ታሪክ ለማስተማር ክፍል ውስጥ ሲገባ ግን መምህሩ ይህን ቀዳዳ ማሳየት አለበት።

በአገር ውስጥም ጀማሪዎች አሉ። የቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ» ዶሮ ከሚያሳድዳት ሰው የምታመልጥበት የስልክ ሩጫ ነው፤ «ገበጣ» ደግሞ የምናውቀውን የገበጣ ጨዋታ ወደ ስልክ አምጥቶታል። እንደ እኔ ግምገማ ከባህል አንጻር የሚበልጠው ሁለተኛው ነው። «ኩኩሉ» አስቂኝና ያማረ ነው፣ ግን ሩጫው በየትም አገር ያለ የሩጫ ጌም ነው፤ ዶሮዋን በሌላ እንስሳ፣ ሰፈሩን በሌላ ከተማ ብትለውጠው ሕጉ አይነካም። «ገበጣ» ላይ ግን ባህሉ ሕጉ ራሱ ነው። ጠጠሩን አንስተህ በየጉድጓዱ ስትዘራ አያትህ ያሰቡትን ዓይነት ሐሳብ ታስባለህ። ምንም የመረጃ ገጽ አያስፈልገውም።

ጥሩዎቹ የት ጋ ይደክማሉ?

ባህልን በቁም ነገር ከያዙ ጌሞች መካከል እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው «ኔቨር አሎን» ይጠቀሳል። የአላስካ ነባር ሕዝቦችን የሚያገለግል ምክር ቤት ስለ ኢኑፒያት ሕዝብ ከጌም ሠሪዎች ጋር አብሮ የሠራው ነው። ትረካው በራሳቸው ቋንቋ ይሰማል፤ መነሻ የሆነውን ተረት ለመጠቀምና ዋናውን ገጸ ባሕርይ ከወንድ ወደ ሴት ልጅ ለመለወጥ የተራኪውን ቤተሰብ ፈቃድ ጠይቀዋል። አሠራሩ ለእኛም አርአያ ነው፤ የአንድን ማኅበረሰብ ታሪክ የሚሠራ ሰው ለምስጋና ሲል ብቻ መጥራት ሳይሆን ገና ከጅምሩ አብሮ መሥራት አለበት።

ሆኖም ይህ ጌም እንኳ ሙሉ በሙሉ አላመለጠም። ብዙው የባህል እውቀት ያለው በጨዋታው መሐል በሚከፈቱ 24 አጫጭር ቪዲዮዎች ውስጥ ነው። ቪዲዮዎቹ ግሩም ናቸው፤ ሽማግሌዎቹ ስለ በረዶ፣ ስለ አደንና ስለ መካፈል ይናገራሉ። ከቪዲዮው ሲወጡ ግን የሚጠብቅህ የተለመደው መዝለልና መውጣት ነው። ያደነውን ስለመካፈል ያወራ ሽማግሌ አዳመጥክ፤ በጨዋታው ውስጥ ግን የምትካፈለው ነገር የለህም።

«አሳሲንስ ክሪድ ኦሪጂንስ» ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 ውጊያው የወጣለት የትምህርት ክፍል አወጣ፤ በጥንታዊት ግብጽ ውስጥ 75 የተዘጋጁ ጉብኝቶች አሉት። ለመምህር በጣም ጠቃሚ ነው። ግን ውጊያው ሲወጣ የቀረው መራመድና ማዳመጥ ነው። ይህ ራሱ ብዙ ይናገራል፤ ታሪኩ በጨዋታው ሕግ ውስጥ ቢኖር ኖሮ ውጊያው ሲነሳ ጨዋታው ባልጠፋ ነበር።

ረቡዕ ፍየል ማን ይጠብቃል?

አሁን ወደ ጋሞ እንምጣ። የባህል እውቀት በመረጃ ገጽ ሲቀመጥ ምን እንደሚጠፋ የሚያሳይ ከዶርዜ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት ዳን ስፐርበር ዶርዜ ውስጥ ሠርቶ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ነገር ጽፏል። ለዶርዜዎች ነብር ክርስቲያን ነው፤ እንደ ኦርቶዶክስ አማኝ ጾም ይጠብቃል። ሆኖም አንድ ዶርዜ ረቡዕና ዓርብ ከብቱን የሚጠብቀው ከሌላው ቀን ባልተናነሰ ጥንቃቄ ነው።

ይህን ወደ ጌም አስገቡት። የመረጃ ገጽ የሚሠራ ሰው «ዶርዜዎች ነብር እንደሚጾም ያምናሉ» ብሎ ይጽፋል። ትክክል ነው። ተጫዋቹም ይህን አንብቦ ረቡዕ ፍየሎቹን ሜዳ ላይ ትቶ ይሄዳል፤ ነብሩም ይበላቸዋል። አሁን ልጁ ይደነግጣል፣ ይጠይቃል፦ «ይጾማል አልተባለም እንዴ?» ትምህርቱ የሚጀመረው እዚህ ጋ ነው። ሰው አንድን ነገር እውነት ብሎ ይይዛል፣ በሥራው ግን ፍየሉን ይጠብቃል፤ እኛም በራሳችን ኑሮ እንዲህ እናደርጋለን። ይህን በአንድ አንቀጽ ማስረዳት ይከብዳል፤ በጌም ሕግ ግን ሁለት የኮድ መስመር ይበቃዋል።

ዘግይቶ የሚደርስ ቅጣት

ምህንድስና የተማርኩ ስለሆንኩ በጋሞ ባህል በጣም የሚስበኝ «ጎሜ» ነው። በአጭሩ፣ ጎሜ ወግን መጣስ ነው፤ ከመጣሱ የሚመጣውም መከራ ጎሜ ይባላል። ሕመም፣ የዝናብ መቅረት፣ የከብት ወይም የእንሰት መጥፋት ከጎሜ ጋር ይያያዛል። መከራው ጥፋተኛው ላይ ብቻ አይወድቅም፤ ቤተሰቡን፣ ከብቱን፣ አልፎም አገሩን ሊነካ ይችላል። መፍትሔውም ተሰብስቦ መመርመር፣ ጥፋትን በአደባባይ መናገርና መታረቅ ነው።

የተለመደው ጌም ግን ቅጣቱ ወዲያው ነው፤ ተሳሳትክ፣ ልብህ አንድ ቀነሰ። ጥፋተኛው አንድ ነው፣ ተቀጪውም ያው አንዱ ነው። ከዚያም በላይ ደግሞ «ሴቭ» የሚባል ነገር አለ፤ ነገሩ ከከፋ ወደ ኋላ ተመልሶ እንዳልሆነ ማድረግ ይቻላል። የጎሜ ዓለም ከዚህ ጋር በሦስት ነገር ይጋጫል፤ ቅጣቱ ይዘገያል፣ ሌላ ሰው ላይ ያርፋል፣ ወደ ኋላ መመለስም የለም፤ ያለው መናዘዝ ብቻ ነው።

የመስኖ ሥራ የሚያውቅ ሰው ይህ አይገርመውም። በቦዩ ራስ ላይ መዝጊያውን ከከፈትክ ውሃው ጭራው ላይ ያለው የሙዝ ማሳ የሚደርሰው ቆይቶ ነው። ራሱ ላይ ያለው ሰው ያለ ልክ ሲወስድ የሚጎዳው እሱ አይደለም፣ ታች ያለው ነው፤ ጉዳቱም ሲታይ ማን እንዳደረገው ወዲያው አይታወቅም። እኛ ኢንጂነሮች ይህን በመዘግየት የሚሠራ ግብረ መልስ እንለዋለን፤ ለመቆጣጠርም ከባድ እንደሆነ እናውቃለን። ጎሜን «የድሮ እምነት» ብሎ የሚያልፍ ጌም፣ አንድ ማኅበረሰብ ይህን ከባድ ችግር እንዴት እንደያዘው የማሳየት ዕድሉን ይጥላል።

እስቲ አንድ ረቂቅ እናስብ። ተጫዋቿ በደጋው ላይ ባለ አንድ ዴሬ የምትኖር ወጣት ናት። ዝናቡ ዘግይቷል። የምትገድለው ጠላት የለም። ሥራዋ ማን ምን እንዳጠፋ ማወቅ ነው፤ ለዚህም ቤት ለቤት ትሄዳለች። ሰላምታ ሳትጨርስ ጥያቄ የምታስቀድም ከሆነ ሽማግሌው ይመልስላታል፣ የሚመልሰው ግን ሁሉም የሚያውቀውን ብቻ ነው። የዘመን መግፋትን የሚነግራትም የዶርዜ ቤት ይሁን፤ ምስጥ ከሥሩ ሲበላው ቤቱ በየዓመቱ ያጥራል፣ ስለዚህ የቤቱን ቁመት አይታ ማን ከማን ቀድሞ እንደሠራ ትገምታለች። ቤቱ ሙሉ ሆኖ ተነስቶ ወደ ሌላ ቦታ መወሰድ ስለሚችልም፣ «ይህ ቤት ድሮ የት ነበር?» የሚለው ራሱ እንቆቅልሽ ይሆናል። ቀርከሃው አሁን ጌጥ መሆኑ ቀርቶ ማስረጃ ሆነ። በመጨረሻም ከጥፋቶቹ አንዱ፣ ጨዋታው ሲጀመር ሳታስተውል ያደረገችው የራሷ ሥራ ሆኖ ይገኛል፤ እሷም በጉባኤው ፊት ትናገረዋለች ወይ ትሸሽገዋለች።

ጉባኤው ዱቡሻ ላይ ይቀመጣል። በምርቃት ይከፈታል፤ ሰው በተራው ይናገራል፤ የሚፈለገውም ብልጫ ድምፅ ሳይሆን ስምምነት ነው። ፈረንሳዊው ማርክ አቤሌስ የኦቾሎን ጉባኤዎች አጥንቶ መጽሐፍ የጻፈው እንዲህ ያለው አሠራር ስለ ፖለቲካ ብዙ ስለሚያስተምር ነው። ለጌም ሠሪ ደግሞ ዝግጁ ሕግ ነው፤ አንድ ሰው እንኳ ካልተስማማ ጨዋታው አይዘጋም፣ ስለዚህ ያን ሰው ለማሸነፍ ሳይሆን ለመረዳት ትገደዳለህ።

ሣር ይዞ መንበርከክ

ይህ ሁሉ የመጽሐፍ ነገር እንዳይመስል፣ የቅርብ ጊዜውን እናስታውስ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው የጋሞ ተወላጆች ከተገደሉ በኋላ፣ አርባ ምንጭ ውስጥ የተቆጡ ወጣቶች ለበቀል ወጡ። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው መንገዱ ላይ ተንበረከኩባቸው። በባህሉ ሽማግሌ ሣር ይዞ ሲንበረከክ አልፎ መሄድ ነውር ብቻ ሳይሆን ጎሜ ነው። ወጣቶቹ ተመለሱ። ፎቶውን አገር ሁሉ አየው።

አሁን እስቲ በእጃችን ባሉት ጌሞች ይህን ቀን እንሥራው። በ«ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ» ሽማግሌው የመከላከል አቅሙ ዜሮ የሆነ ሰው ነው፤ በአንድ ምት ይወድቃል። በሩጫ ጌም መሰናክል ነው፤ ይዘለላል። በሁለቱም ሕግ ውስጥ መንበርከክ ትርጉም የለውም። ያን ቀን መንበርከክ ኃይል የሆነው ወጣቶቹ ከልጅነታቸው ጀምሮ የያዙት ሕግ ስላለ ነው። ሕጉ ሌላ ቢሆን ሣሩ ሣር ብቻ ነበር።

ጉዳዩ ከመዝናኛ በላይ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ያ ሕግ ከአንዱ ትውልድ ወደ ሌላው የሚያልፈው በመኖርና በማየት ነው። ዛሬ አርባ ምንጭ ያለ ልጅ፣ ወይም ወላጆቹ ሽመና ይዘው ሽሮ ሜዳ የገቡ ልጅ፣ ዱቡሻ ላይ ተቀምጦ የማደግ ዕድሉ ጠባብ ነው። ስልክ ግን በእጁ ነው። በስልኩ ላይ በቀን ብዙ ሰዓት የሚለማመደው ሕግ ምንድን ነው? ባህሉን ያውቃል ብለን የምንሰጠው ጌምስ ያንኑ ሕግ ድንጉዛ አልብሶ ቢመልስለት ምን ረዳነው?

ማሳመርም ማጥፋት ነው

ከሌላው ወገን ያለውን አደጋም መናገር ያስፈልጋል። ዱቡሻን የዴሞክራሲ ገነት አድርጎ የሚያቀርብ ጌም ይዋሻል። በቀድሞው ሥርዓት ሸክላ የሚሠሩት ማናዎችና ቆዳ የሚሠሩት ደጋላዎች ከሌላው ዜጋ እኩል በጉባኤው አይቀመጡም ነበር፤ የሴቶችም ድምፅ የተገደበ ነበር። ይህ በግርጌ ማስታወሻ መቅረት የለበትም፤ ሕጉ ውስጥ ይግባ። ያቺን ተጫዋች የሸክላ ሠሪ ልጅ አድርጓት። እውነቱን ከሁሉ ቀድማ አውቃለች፤ ጉባኤው ላይ ግን እንድትናገር የሚያስችላት ቁልፍ የለም። ሌላ ሰው እንዲናገርላት ማሳመን አለባት። አንድ ተማሪ ይህን አሥር ደቂቃ ከተጫወተ በኋላ ስለ መገለል የሚያደርገው የክፍል ውይይት የተለየ ይሆናል።

ሌላው፣ አንድ ወጥ «የጋሞ ባህል» የለም። የዶኮ አሠራር ከዶርዜ፣ የዶርዜው ከኦቾሎ ይለያል። ዛሬ ደግሞ ብዙው ጋሞ ኦርቶዶክስ ወይም ፕሮቴስታንት ነው፤ ጎሜን የሚያከብር አለ፣ ትቼዋለሁ የሚል አለ፣ ኃጢአት ነው የሚልም አለ። ይህም ለጌም ጸጋ ነው፤ ሦስት ጎረቤቶች ስለ ዝናቡ መዘግየት ሦስት ዓይነት መልስ ቢሰጡ ተጫዋቹ እውነተኛውን የጋሞ መንደር አገኘ ማለት ነው።

እውቀት ሲታረም

ታሪክ ደግሞ የተዘጋ ሣጥን አይደለም። በጋሞ ደጋ የሚገኘው የሞታ ዋሻ ለዚህ ይመቻል። ተመራማሪዎች ወደ ዋሻው የሄዱት የአካባቢው ሽማግሌዎች መርተዋቸው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የአንድ ሰው አጽም ተገኘ፣ ከ4,500 ዓመት በፊት የኖረ። በጋሞኛ «ባይራ»፣ በኩር ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2015 በ«ሳይንስ» መጽሔት የታተመው ዘረ መሉ ከአፍሪካ ጥንታዊ አጽም ሙሉ በሙሉ የተነበበ የመጀመሪያው ነበር። ጥናቱ ከኤውሮ-እስያ ወደ አፍሪካ የተመለሰ የሰው ፍልሰት በመላው አህጉር አሻራ እንዳለው ገልጾ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ግን ተመራማሪዎቹ ራሳቸው እርማት አወጡ፤ መረጃውን ለማጣጣም መሠራት የነበረበት አንድ የኮምፒውተር ሥራ ተዘሏል፣ ስለዚህ የፍልሰቱ አሻራ ከምሥራቅ አፍሪካ አልፎ በመላው አህጉር ይታያል የተባለው አልጸናም።

መጀመሪያ የወጣውን ውጤት በመረጃ ገጽ ያተመ ጌም ስሕተቱን ይዞ ይኖራል። ተጫዋቹ ራሱ ሽማግሌውን ጠይቆ ዋሻውን የሚያገኝበት፣ ናሙናውን ከሌሎች ጋር የሚያነጻጽርበት፣ አንድ እርምጃ ሲዘል መደምደሚያው የሚጣመምበት ጌም ግን ከእርማቱ ጋር አይወድቅም፤ እርማቱ የጨዋታው አካል ይሆናል። ሳይንስ እንዴት እንደሚሠራ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ የአገር ውስጥ ታሪክ የት እናገኛለን?

በምን እንመዝነው?

እንዲህ ያለ ጌም ትልቅ ገንዘብና ባለ ሦስት ገጽታ ግራፊክስ አይፈልግም። «ኮሎሳል ኬቭ» ጽሑፍ ብቻ ነበር። በርካሽ ስልክ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ፣ በጋሞኛና በአማርኛ የሚነበብና የሚደመጥ፣ ጥቂት ሥዕሎች ያሉት ጌም በዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ፕሮጀክት አቅም ይቻላል። ከባዱ ሥራ ከኮዱ በፊት ያለው ነው፤ ከአባቶችና ከእናቶች ጋር ተቀምጦ የትኛው ነገር ለጨዋታ እንደሚሆን፣ የትኛው ደግሞ ነጥብ ሊሰጥበት እንደማይገባ መስማማት።

ሲያልቅም የተለመደው የምርጫ ጥያቄ አይመዝነውም። «የዶርዜ ቤት ከምን ይሠራል?» ብለን ብንጠይቅ ፖስተርም ያስተምረዋል። እኔ ብሆን ጌሙን የተጫወቱና ያልተጫወቱ ተማሪዎችን ለየብቻ አስቀምጬ አዲስ ጉዳይ እሰጣቸዋለሁ፤ ሁለት ሰፈሮች በቦይ ውሃ ተጣልተዋል፣ ከታች ያለው ማሳ ደርቋል፣ ማን እንዳጠፋ አይታወቅም፣ ምን ታደርጋላችሁ? ከዚያ መጀመሪያ ማንን ፍለጋ እንደሚሄዱ እመዘግባለሁ፤ ጥፋተኛውን ነው ወይስ ሽማግሌውን? ማን ሳይሰማ እንደቀረስ ይጠይቃሉ? የሁለቱ ቡድኖች መልስ አንድ ዓይነት ከሆነ ጌሙ የሠራው ማስዋብ ብቻ ነው፤ ወደ ሕጉ ተመልሰን እንደገና እንጻፈው።